ግንባሬ እየሸሸ ነው፣ 26 ዓመቴ ነው፣ ኢስታንቡል ሄጄ ፀጉር ላስተክል ወይስ ልጠብቅ?

የመገናኛው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ሳስብበት ነው የቆየሁት፣ ከቅርብ ጓደኞቼ ጋ እንኳን በግልጽ አውርቼው አላውቅም። 26 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ባንክ ነው የምሰራው። ፀጉሬ ከ21 ዓመቴ ገደማ ጀምሮ በሁለቱም በኩል ጥግ ጥጉ መግባት ጀመረ። መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ ላይን ሲያወጣ አብዝቶ ቆርጦብኝ መስሎኝ ፀጉር ቤት ቀየርኩ፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ጋ ያው ነው። አሁን የምርቃት ፎቶዬንና የዘንድሮውን ጎን ለጎን ሳያቸው ጥጎቹ ሁለት ጣት የሚያህል ሸሽተዋል፣ መሃሉ ላይ ብቻ የቀረው ወደ ፊት ወጥቶ ይታያል። ቁንጮዬ ላይም የሳሳ ይመስለኛል ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

አባቴ 35 ሳይሞላው ነው ራሰ በራ የሆነው፣ የእናቴ ወንድሞችም ሁለቱ እንደዛው ናቸው፣ ስለዚህ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ይገባኛል። እናቴ ቅቤ ተቀባ አለችኝ ተቀባሁ፣ የሽንኩርት ጭማቂውንም ሬቱንም ስድስት ወር ሙሉ ሞክሬያለሁ ምንም ለውጥ የለም። ከቤት ያለ ኮፍያ አልወጣም፣ ቢሮ ግን ኮፍያ አይፈቀድም ስለዚህ ስብሰባ ሲኖር መብራቱ በቀጥታ ከላዬ የማያርፍበትን ወንበር ፈልጌ ነው የምቀመጠው። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፣ ለኔ ግን ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማስበው እሱን ነው።

ጥር ላይ ሰርጋችን ነው። እጮኛዬ ምንም አይመስላትም፣ እንደዚሁ ነው የወደድኩህ ትለኛለች፣ አምናታለሁም፣ ግን የሰርግ ፎቶ ዕድሜ ልክ የሚቀመጥ ነገር ነው።

ቴሌግራም ላይ ወደ ኢስታንቡል የሚልክ አገናኝ አገኘሁ። የራስህን ፎቶ ከአራት አቅጣጫ ላክ አለኝ ላክሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ 4,500 ግራፍት (ከማጅራት ነቅለው የሚተክሉት የፀጉር ሥር) ያስፈልግሃል፣ ሆቴል ሦስት ሌሊት ከኤርፖርት መቀበያና ከአስተርጓሚ ጋር 2,300 ዶላር፣ በዚህ ሳምንት ቀብድ ከከፈልክ ቅናሽ አለው አለኝ። አሜሪካ ያለው አጎቴ ግማሹን እችልሃለሁ ብሏል። መስከረም ላይ ሄጄ ለጥር እንዲደርስ ነው ያሰብኩት።

ያደረጋችሁት ካላችሁ በናታችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ ያማል ወይ፣ ይበቅላል ወይ፣ የኛ አይነት የተጠቀለለ ፀጉር ላይስ እንደ ነጮቹ ይሰራል ወይ፣ ከበቀለ በኋላስ ተመልሶ ይረግፋል ወይ፣ አራት ወር ለሰርጉ ይበቃል ወይ።


ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ

ወንድሜ ቀብዱን እንዳትከፍል። እባክህ ይሄን እስከ መጨረሻው አንብበህ ከዛ ወስን።

እኔ በ2019 ነው የሄድኩት፣ ያኔ 25 ዓመቴ ነበር፣ ካንተ የአሁን ዕድሜ በአንድ ዓመት አንስ ነበር ማለት ነው። እዚህ ሜሪላንድ ዋጋ ስጠይቅ ከ10,000 ዶላር በላይ ሲሉኝ ቱርክ በሩብ ዋጋ ስላገኘሁ ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩ። የክሊኒኩን ስም አልጽፍም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሐኪም ነኝ ያለኝ ሰው ገባ፣ በእስክሪብቶ ግንባሬ ላይ መስመር አሰመረ፣ እኔ ራሴ ትንሽ ዝቅ አድርገው ብዬ ለመንኩት እሱም እሺ ብሎ ዝቅ አደረገው፣ ከዛ ወጣ። ከዛ በኋላ ዓይኑን አላየሁትም። የነቀሉትም የተከሉትም ሦስት ልጆች ናቸው፣ ሐኪም አይደሉም፣ ቋንቋ አንግባባም፣ አስተርጓሚው በአንድ ጊዜ አራት ክፍል ነው የሚያስተናግደው። ስምንት ሰዓት ፈጀ። ስጨርስ 4,800 ግራፍት ተተክሎልሃል የሚል ወረቀት ሰጡኝ፣ እኔም ቁጥሩ በበዛ መጠን የተጠቀምኩ መስሎኝ ተደስቼ ወጣሁ።

የሆነውን ልንገርህ። ከተነቀለው ምን ያህሉ ሥር በሕይወት እንደወጣ አላውቅም፣ ከፊት የበቀለው ግን ግማሹ ቢሆን ነው። ማጅራቴና ከጆሮዬ በላይ ያለው ቦታ ብል የበላው ጨርቅ መሰለ፣ ፀጉሬን አጠር ሳደርገው ነጫጭ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ይታያል። ፌድ (ጎንና ኋላው በጣም የሚያጥር ቁርጥ) መቆረጥ ካቆምኩ ሰባት ዓመቴ ነው። ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ዋናው ጥፋት ግን ዝቅ አድርገው ያልኩት መስመር ነው። መድኃኒት ሳልወስድ ስለቀረሁ ከተተከለው ኋላ የነበረው የራሴ ፀጉር መርገፉን ቀጠለ፣ አሁን ከፊት አንድ ረድፍ ፀጉር አለ፣ ከሱ ኋላ ባዶ ሜዳ፣ ከዛ እንደገና ፀጉር። ባልነካው ኖሮ እንደ ማንኛውም በራ ሰው እሆን ነበር፣ አሁን ግን ሰው ሲያየኝ የሆነ ነገር እንደተደረገ ያውቃል።

ለማስተካከል ሁለት ሐኪም ጋ ሄጄ ሁለቱም ያሉኝ አንድ ነገር ነው፣ ከኋላ የሚወሰድ በቂ ፀጉር አልቀረህም። ያ ፀጉር አንዴ ከወጣ በቦታው ሌላ አይተካም። ይሄን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አንተ እየጠየቅክ ነውና እግዚአብሔር ይመስገን።


የቆዳ ሬዚደንት

ሰላም። የቆዳ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን ላይ ያለሁ ሐኪም ነኝ፣ ንቅለ ተከላ እኔ አልሰራም ስለዚህ የምሸጥልህ ነገር የለኝም። ከላይ ወንድማችን የጻፈው በጣም ያሳዝናል፣ ግን የሚያስገርም አይደለም። ዓለም አቀፉ የፀጉር ንቅለ ተከላ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ራሱ በየጊዜው የሚያስጠነቅቀው ይሄንኑ ነው፣ ፈቃድ የሌላቸው ቴክኒሻኖች ቀዶ ሕክምናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሰሩባቸው ቦታዎች በዝተዋል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ፀጉርህ ለምን እንደሸሸ ማንም ሐኪም ነክቶ አላየውም። ታሪክህ የወንዶች የዘር መመለጥ ይመስላል፣ ግን መምሰል አይበቃም። ቆረቆር፣ ላሽ፣ ጠባሳ የሚተው የራስ ቆዳ ብግነት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ሁሉም ፀጉር ያሳሳል፣ በተለይ ጠባሳ የሚተወው አይነት እየነደደ እያለ ላዩ ላይ ብትተክልበት የተተከለውንም ይበላዋል። አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለ፣ ሌላም የቆዳ ሐኪም ከተማው ውስጥ ሞልቷል፣ በማጉያ መሣሪያ አይተው ፀጉሩ እየቀጠነ ነው ወይስ ሥሩ ጠፍቷል የሚለውን በደቂቃዎች ይነግሩሃል። ቁንጮህ መሳሳት አለመሳሳቱንም እዛው ታውቀዋለህ።

የዘር ከሆነ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ዲኤችቲ ወደሚባል ይቀየራል፣ የፊትና የቁንጮ የፀጉር ሥሮች በዘር ይሄን መቋቋም ካልቻሉ ከዓመት ዓመት እየቀጠኑ ይሄዱና መጨረሻ ላይ ዓይን በቀላሉ የማያየው ስስ ፀጉር ብቻ የሚያበቅሉ ይሆናሉ። ከእናት ወገን ብቻ ነው የሚወረሰው የሚባለው ግማሽ እውነት ነው፣ አንዱ ዋና ጂን ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ከእናት ይመጣል፣ ሌሎቹ ብዙዎቹ ግን ከአባትም ይመጣሉ። የማጅራትና የጎን ፀጉር ግን ዲኤችቲን ይችለዋል፣ አባትህን እየው፣ ከጆሮው በላይ ያለው አሁንም አለ አይደል? ንቅለ ተከላው የሚሰራውም በዚህ ምክንያት ነው። በ1950ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ኦረንትራይክ የሚባል ሐኪም ያሳየው ይሄንን ነበር፣ ከኋላ የመጣ ፀጉር ፊት ላይ ብትተክለውም የመጣበትን ቦታ ጠባይ እንደያዘ ይኖራል። ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ፣ በደንብ የተተከለው በአብዛኛው ይቆያል። የሚረግፈው አጠገቡ ያለው ያልተተከለው የራስህ ፀጉር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የደረሰው ይሄ ነው።

አሁን የኛ ፀጉር ጉዳይ። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ለኔ ግን ካነሳሃቸው ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። የተጠቀለለ ፀጉር ከቆዳ በላይ ብቻ አይደለም የሚጠቀለለው፣ ሥሩም ከቆዳ ሥር ጎብጦ ነው የተቀመጠው። ኤፍዩኢ በሚባለው ዘዴ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ክብ ስለት እያንዳንዱን ሥር ዙሪያውን በመቁረጥ ነው የሚያወጡት። ቀጥ ያለ ፀጉር ላይ ስለቱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ የጎበጠ ሥር ላይ ግን ቀጥ ብሎ ከወረደ ሥሩን መሃል ላይ ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠ ሥር ደግሞ ከኋላም ጠፋ ከፊትም አይበቅልም። ይሄን አይነት ፀጉር የለመደ ሐኪም ስለቱን ሰፋ አድርጎ፣ አቅጣጫውን እየተከተለ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሰራው። ቀጥ ያለ ፀጉር ብቻ በቀን አምስት ሰው የሚሰራ ቡድን እጅ ላይ ብትወድቅ ብዙ ይባክንብሃል። ሁለተኛው ጭንቀት ኬሎይድ ነው፣ ያበጠ ጠባሳ ማለት ነው። ጆሮ ተበስቶ፣ ክትባት ተወግቶ፣ ተላጭቶ ቆዳው የሚያብጥበት ሰው ቤተሰብህ ውስጥ ካለ ወይም ማጅራትህ ላይ ከተቆረጥክ በኋላ የሚወጣ ጠጣር ብጉር ካለ መጀመሪያ ተናገር።

ጥሩ ጎንም አለው። ጥቅልል ፀጉር ቦታ ይሸፍናል፣ ቀጥ ያለ ፀጉር 2,500 የሚፈልግበትን ቦታ በጣም ባነሰ ቁጥር ጥሩ ማስመሰል ይቻላል። የኛ አገር ሰው ፀጉር ደግሞ አንድ አይነት አይደለም፣ ልልም ጥብቅም አለ፣ ስለዚህ ያንተን ሳይነካ በፎቶ ብቻ 4,500 ያለህ ሰው ሒሳቡን ከየት እንዳመጣው አይገባኝም። ለሁለት ጥግ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ከ1,000 እስከ 2,000 ነው። 4,500 በአንድ ቀን አውጥቶ 26 ዓመትህ ላይ ቢተክልልህ 40 ዓመትህ ላይ ቁንጮህ ሲከፈት ከየት ታመጣለህ?

ስለ መድኃኒቱ። ሁለት ናቸው በደንብ የተጠኑት። ሚኖክሲዲል የሚቀባ ነው፣ ድሮ የደም ግፊት ክኒን ነበር፣ የሚወስዱት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታይቶ በ1988 አሜሪካ ውስጥ ለፀጉር ተፈቀደ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭራሽ ሊያረግፍ ይችላል፣ ያኔ ሰው ደንግጦ ያቆማል፣ ከ4 እስከ 6 ወር መታገስ ነው፣ ስታቆመው ደግሞ ያበቀለው ይሄዳል። ፊናስተራይድ 1 ሚሊ ግራም ክኒን ነው፣ በ1997 የተፈቀደ፣ ዲኤችቲን ይቀንሳል፣ ዋና ሥራው ያለህ ፀጉር እንዳይሄድ ማስቆም ነው፣ ውጤቱን ለመፍረድ ዓመት ይፈልጋል። ጉዳቱን አልደብቅህም። ለፈቃድ በተደረገው ጥናት ላይ ከወሰዱት 3.8 በመቶው የወሲብ ፍላጎት መቀነስ ወይም የመሳሰለ ችግር ገጥሟቸዋል፣ ለማወዳደሪያ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 2.1 በመቶው። ካቆሙም በኋላ ቀጥሎብናል የሚሉ ሰዎች አሉ፣ በ2025 ደግሞ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ራስን የማጥፋት ሐሳብን ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ ውስጥ አረጋግጦ አስገብቶታል። ድብርት ኖሮህ የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪምህ ሳትነግር እንዳትጀምር። ለፕሮስቴት ሕመም የሚሰጠውን የዚሁን መድኃኒት 5 ሚሊ ግራም ክኒን ገዝተው ለአራት እየቆረጡ የሚውጡ እንዳሉ አውቃለሁ፣ አንተ ጥር ላይ ታገባለህ፣ እርጉዝ ሴት የተሰበረውን ክኒን መንካት የለባትም ወንድ ጽንስ ላይ ጉዳት ሊያመጣ ስለሚችል፣ ልጅ ልትወልዱ ስታስቡም ለሐኪሙ ንገረው።

ሰርጉ። መስከረም ላይ ብትተክል የተተከለው ፀጉር ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ይረግፋል፣ ይሄ ጤነኛ ነገር ነው ሥሩ ውስጥ ይቀራል። አዲሱ ብቅ የሚለው ሦስተኛ አራተኛ ወር ላይ ነው፣ ያውም ቀጭንና የተበታተነ። ጥር ማለት በትክክል በጣም የማያምርበት ጊዜ ነው። ደህና መልክ የሚይዘው ከ6 እስከ 9 ወር፣ ሙሉ ውጤቱ 12 ወር ላይ ነው፣ ቁንጮ ከሆነ እንዲያውም 18 ወር።


ላጭቼው የተገላገልኩ

እኔ 31 ዓመቴ ላይ ላጨሁት። አንድ ሳምንት ሰው ሁሉ አየኝ፣ ከዛ ማንም አላየኝም። ፂሜን አሳደግኩ፣ በሁለት ቀን አንዴ በቶንዶስ ራሴ አነሳዋለሁ። ላንተ ይሄን አድርግ አልልህም፣ የሚያስጨንቅህን እኔም አውቀዋለሁ አራት ዓመት ኮፍያ ሥር ኖሬያለሁ፣ ግን 2,300 ዶላር ከመክፈልህ በፊት አንድ ዓርብ ማታ ተላጭተህ እሁድ ማታ መስታወት ፊት ቁም። ካልወደድከው በወሩ ይመለሳል። ከተላጨህ ግን የአዲስ ፀሐይ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አናት ያቃጥላል፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት አትርሳ።


አቡዳቢ 39

እኔ ደግሞ ተሳክቶልኛልና የኔንም ስማ፣ አንድ ወገን ብቻ ሰምተህ እንዳትወስን።

39 ዓመቴ ነው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው የተከልኩት፣ እኔም ኢስታንቡል። ከተማው አይደለም ችግሩ፣ እዛ በጣም ጎበዝ ሐኪሞች አሉ፣ ግን በቀን አንድ ወይ ሁለት ሰው ብቻ የሚቀበሉት ናቸው፣ ዋጋቸውም ከፓኬጁ ከፍ ይላል፣ ወረፋም አላቸው። እኔ ስድስት ወር ጠብቄያለሁ። ከመሄዴ በፊት ሦስት ዓመት ፊናስተራይድ ወስጄ መርገፉ መቆሙን አረጋግጬያለሁ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝም እሱን ነው።

በቪዲዮ ከራሱ ከሐኪሙ ጋ አወራሁ። የጠየቅኩት፣ የአፍሪካ ፀጉር ስንት ሰው ሰርተሃል፣ ከዓመት በኋላ ያለውን እርጥቡንም ደረቁንም የማጅራቱንም ፎቶ አሳየኝ፣ ሥሩን የሚነቅለው ማነው፣ ፀጉሩ የሚተከልበትን ቀዳዳ የሚከፍተው ማነው፣ ፈቃድህ ከቱርክ ጤና ሚኒስቴር ነው ወይ ቁጥሩ ስንት ነው። አንዱ ክሊኒክ ይሄን ስጠይቅ አገናኙ ተናደደብኝ፣ ተውኩት። የመረጥኩት ሐኪም ደግሞ መጀመሪያ ከኋላ ጥቂት ሥሮች ብቻ አውጥቼ በማይክሮስኮፕ አያለሁ፣ ብዙ የሚቆረጥ ከሆነ አቆማለሁ ገንዘብህንም እመልሳለሁ አለኝ። ልቤ ያረፈው እዛ ላይ ነው። 2,100 ግራፍት ብቻ ነው የተከለው፣ መስመሩንም እኔ ከፈለግኩት አንድ ጣት ከፍ አድርጎ ነው ያወጣው፣ የ50 ዓመት ሰው ስትሆን ታመሰግነኛለህ አለኝ።

ሕመሙን ጠይቀሃል። የማደንዘዣው መርፌ ነው የሚያመው፣ ከኋላ ሲወጋህ እንባ ያመጣል አምስት አስር ደቂቃ፣ ከዛ በኋላ ምንም አይሰማህም፣ መሰልቸት ነው ያለው። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አንገት ላይ በሚጠለቅ ትራስ ቀና ብዬ ነው የተኛሁት። ሦስተኛው ቀን ላይ ግንባሬ አበጠ፣ እብጠቱ ወደ ዓይኔ ወርዶ መስታወት ሳይ ደነገጥኩ፣ በሁለት ቀን ጠፋ። ራሴን መጀመሪያ ያጠቡኝ እነሱ ናቸው፣ ከዛ በኋላ አረፋውን ላዩ ላይ እያስቀመጥኩ በለብ ያለ ውሃ ብቻ፣ ማሸት የለም። ቅርፊቱ በአስረኛው ቀን ገደማ ረገፈ። ያሳክካል፣ እንዳታክከው። አንድ ወር ሲሞላው የተተከለው ሁሉ ሄዶ ከበፊቱ የባሰ መሰልኩ፣ ባለቤቴ ታውቅ ስለነበር ነው የቻልኩት፣ ካልሆነ ያሳብድ ነበር ያ ጊዜ። አራተኛው ወር ላይ ብቅ ብቅ አለ፣ አንዳንዱ ቆዳ ሥር ቀርቶ መግል ቋጥሮ ነበር፣ ለብ ያለ ፎጣ እያደረግኩ አለፈ። ማጅራቴ ሁለት ወር ያህል ደንዝዞ ነበር። አሁን ሰው አያውቅም፣ ፀጉር አስተካካዬ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሥራህ ባንክ ነው ብለሃል፣ ቢያንስ አስር ቀን ፈቃድ ያስፈልግሃል፣ ያንን አገናኙ ሦስት ሌሊት ሲልህ የሆቴሉን ነው የነገረህ የማገገሚያውን አይደለም።


የማጂ እህት

የወንዶች ጉዳይ መሆኑ ገብቶኛል ግን ልጠይቅ። እህቴ 30 ዓመቷ ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ሹሩባዋን ጠበቅ አድርጋ ነው የምትሰራው፣ ከዛ ደግሞ ዊግ ከሥር ስፌት ምናምን። አሁን ከሁለቱም ጆሮዎቿ ፊት ያለው ፀጉር ጠፍቷል፣ ነጠላ ሳታጣፋበት ቤተክርስቲያን እንኳን አትሄድም። እሷም ማስተከል ትችላለች ወይ?

ላንተም ወንድሜ፣ እጮኛህ እንደዚሁ ነው የወደድኩህ ስትልህ የምታጽናናህ እንዳይመስልህ። እኛ ሴቶች የምናየው ነገር ሌላ ነው። ግን ደግሞ ጭንቀትህን እንዳትደብቃት፣ ኮፍያውን ለምን እንደማታወልቅ ሙሉውን ንገራት፣ አብራችሁ የምትኖሩት ሰዎች ናችሁ።


የቆዳ ሬዚደንት

ለማጂ እህት፣ ይሄ በመጎተት የሚመጣ መመለጥ ነው፣ እኛ አገር በጣም ብዙ አለ። ቶሎ ከተያዘ መጎተቱን በማቆም ብቻ የሚመለስ አለ። ቆዳው ልሙጥ ሆኖ ሥሩ የሚወጣበት ቀዳዳ እንኳን የማይታይ ከሆነ ግን ሥሩ ሞቷል። እህትሽ ዛሬውኑ ጠበቅ ያለ ሹሩባና ስፌት ታቁም፣ ልል አድርጎ መሥራት ይቻላል፣ ሲሠራ የሚያም ወይም ራስ ምታት የሚያመጣ ከሆነ ጠብቋል ማለት ነው። ከዛ የቆዳ ሐኪም ጋ ትሂድ። አንድ ዓመት ያህል ሳይጎተት ቆይቶ ካልተመለሰ ንቅለ ተከላ እሷን ሊጠቅማት ይችላል፣ ምክንያቱም የማጅራቷ ፀጉር ጤነኛ ነው፣ መንስኤውም ቆሟል። መጎተቱ ከቀጠለ ግን የተተከለውም ተመልሶ ይሄዳል።


የመገናኛው ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያንተን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ እንደዚህ ገልጠህ መናገርህ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል።

ትናንት አገናኙን አቡዳቢ ያለውን ሁሉ ጠየቅኩት። ሐኪሙን በቪዲዮ ላናግር ስለው ሐኪሙ ሥራ ይበዛበታል እኔን ጠይቀኝ አለ። ሥሩን የሚነቅለው ማነው ስለው ቡድናችን አለ። እንደኔ አይነት ፀጉር ያለው ሰው የማጅራት ፎቶ ላክልኝ ስለው የነጭ ሰው ፎቶ ከፊት ብቻ ላከልኝ፣ እሱም ላይ ቀብዱን ዛሬ ካልከፈልክ ዋጋው ይጨምራል ብሎ ጨረሰ። አልከፈልኩም።

ማታ ለእጮኛዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ የመብራቱንም የወንበሩንም። ዝም ብላ ሰማችኝና ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም ብላ አለቀሰች። የቆዳ ሐኪም ጋ አብራኝ ልትሄድ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ይዣለሁ። ለሰርጉ ፀጉር አስተካካዬ ጥጎቹን ሳይነካ አሳጥሮ ላይን ሳያወጣ በመቀስ እንዲጨርሰው እነግረዋለሁ። ቀዶ ሕክምናውን አልተውኩትም፣ ግን ሐኪሙ መድኃኒት ጀምር ካለኝ ዓመት ጠብቄ ነው የማየው። አጎቴ ገንዘቡ ይቀመጥልሃል ብሏል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ አቡዳቢ ወንድም ጋሼ፣ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን በምን አወቅክ? እኔ በየቀኑ መስታወት ስለማይ ለውጡ ሊገባኝ አይችልም ብዬ ነው።


አቡዳቢ 39

መስታወቱን ተወውና በወር አንዴ ብቻ ፎቶ አንሳ። ቀኑን ወስን፣ እኔ በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ነበር። ያው ክፍል፣ ያው አምፖል፣ ፀጉርህ ደርቆ፣ ርዝመቱ ከተቆረጥክ ሳምንት የሞላው። አንድ ከፊት ፀጉሩን በእጅህ ወደ ኋላ ይዘህ፣ ሁለት ከጎን፣ አንድ ከቁንጮህ በላይ፣ እሱን እሷ ታንሳልህ። ቅንድብህን ወደ ላይ ስታነሳ ግንባርህ ላይ የሚወጣው የላይኛው መጨማደድ አለ አይደል፣ ከሱ እስከ ፀጉሩ ያለውን ርቀት በጣትህ ለክተህ ጻፈው። ስድስተኛውን ወር ፎቶ ከመጀመሪያው ጋ ነው የምታወዳድረው፣ ከሁለተኛው ጋ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሐሙስ ከመሄድህ በፊት ረቡዕ ማታ አንሳቸው፣ ሐኪሙም ይፈልጋቸዋል።